ባሊሻን ይዞ በየት በር ይገባል? የቋንቋ አንትሮፖሎጂን ሙያ ለማድረግ ለሚያስቡ

ባለፈው ክረምት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ማዶ ካለች ጀበና ቡና ቀጠረችኝ። ከቦርሳዋ ሁለት የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብር መግለጫዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ አንዱ የሥነ ልሳን፣ ሌላው የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ። «መምህር፣ በየትኛው ልመዝገብ?» አለችኝ። ምን ማጥናት እንደምትፈልግ ስጠይቃት ግን ለአፍታ እንኳ አላመነታችም። «ባሊሻን» አለች።

ባሊሻ በሲዳማ ያገቡ ሴቶች የሚናገሩት የአክብሮት አነጋገር ነው። ሙሽራዋ የአማቶቿን ስም አትጠራም። በዚያ ብቻ አያበቃም፤ ስማቸው በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ትሸሻለች፣ በምትካቸውም ሌላ ቃል ታስገባለች። የአማቷ ስም በ«ቡ» የሚጀምር ከሆነ «ቡና» ማለት አይሆንላትም፤ ቡና ደግሞ በሲዳምኛም ያው ቡና ነው። ቡና አብቃይ አገር ተቀምጦ ቡናን በስሙ ሳይጠሩ ዕድሜ መግፋትን አስቡት። ተመሳሳይ ልማድ በከምባታም፣ በአንዳንድ የኦሮሞ አካባቢዎችም አለ።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያጠናው ዘርፍ የቋንቋ አንትሮፖሎጂ ይባላል። በአሜሪካ የአገሪቱን አንትሮፖሎጂ ካቋቋመው ከፍራንዝ ቦአስ ዘመን ጀምሮ ቋንቋ ከአራቱ የአንትሮፖሎጂ ቅርንጫፎች አንዱ ሆኖ ስለተቆጠረ፣ ተማሪው በአንድ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ያገኛል። እኛ ዘንድ ግን ስሙ በሩ ላይ የተጻፈበት ቤት የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ ሥነ ልሳን በአንድ ወገን፣ አንትሮፖሎጂ በሌላ ወገን ነው፤ የሁለቱ መምህራን አንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ፣ ሰላምታም ይለዋወጣሉ፣ ተማሪዎቻቸው ግን የሚያነቡት ለየብቻ ነው። ስለዚህ ዘርፉን የሚፈልግ ሰው በአንዱ በር ገብቶ የሌላውን ቤት በራሱ ጥረት መጎብኘት አለበት። የመጀመሪያው በር ምርጫ ታዲያ ቀላል አይደለም።

አንዲት ደቂቃ በሁለት ደብተር

ለተማሪዬ ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ከፊታችን የሆነውን ነገር እንድትሰማ ብቻ ነገርኳት።

ቡና አፍይዋ አንድ ወጣት ገብቶ ሲቀመጥ «ና እዚህ ጋ ተቀመጥ፣ ቡናህን ጠጣ» አለችው። ተከትሎት የገባው ጓደኛው «ዶክተር፣ ቀደምከኝ?» ሲል ሴትየዋ ደንገጥ አለችና «ይጠጡ፣ ስኳር ልጨምርልዎት?» አለች። ወጣቱ ሳቀ። «ኧረ ልጅሽ ነኝ!» አላት። «እሺ፣ ጠጣ እንግዲህ» ብላ ሲኒውን ገፋ አደረገችለት።

የሥነ ልሳን ተማሪ ደብተር ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦ «ጠጣ»፣ «ይጠጡ»፣ «ጠጣ»። የአክብሮቱ «ይጠጡ» ለብዙ ሰዎች «እነሱ ይጠጡ» ከምንለው ጋር ቅርጹ አንድ መሆኑን ያስተውላል። ብዛት እንዴት አክብሮት ሆነ? አንድ ሽማግሌ «መጡ» ሲባሉ ግሡ ስንት ሰው ይቆጥራል? «አንቱ» የሚሉት አካባቢዎችስ «እርስዎ» ከሚለው አዲስ አበቤ በምን ይለያሉ? እያለ ይቀጥላል፤ ሠንጠረዥ ያወጣል።

የአንትሮፖሎጂው ተማሪ ደብተር ላይ ሰዎቹ አሉ። አነጋገሩን ያስለወጠው የሦስተኛ ሰው አፍ ነው፤ ሴትየዋ ማዕረጉን የሰማችው ከጓደኛው ነው። ወጣቱ አክብሮቱን የመለሰው «አይሆንም» ብሎ አይደለም፤ ዝምድና ፈጥሮ ነው። ይበልጥ የሚገርመው «ልጅሽ» አለ እንጂ «ልጅዎ» አላለም። በዕድሜ የምትበልጠውን ሴት አንቺ ሲላት አልተቀየመችም፤ መቀራረብ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ሁለቱም ያውቃሉ። ሒሳቡንስ ቀነሰችለት ወይስ ያው ነው? ይህ ተማሪ እስከ ሒሳቡ ድረስ ይቀመጣል።

ከሁለቱ ደብተሮች ሳትታዘዙ የምትሞሉት የትኛውን ነው? በእኔ ግምት ከማንኛውም የመርሐ ግብር መግለጫ ይልቅ በሩን የሚያመለክታችሁ ይህ ነው።

በሥነ ልሳን በኩል ሲገቡ

ይህ በር ጆሮ ይሰጣል። ድምፆችን በዓለም አቀፉ የድምፅ መጻፊያ ምልክት መጻፍ፣ ምዕላድን፣ ማለትም ትርጉም ያላትን ትንሿን የቃል ክፍል፣ መነጠል፣ ዐረፍተ ነገርን በመስመር በመስመር ፈትቶ ማስቀመጥ፤ እነዚህ በወንበር ላይ፣ በመምህር ፊት፣ እየተሳሳቱ የሚለመዱ ነገሮች ናቸው። አማርኛን በፊደሉ መጻፍ በቂ የሚመስለው ብዙ ነው። «ገና» ብላችሁ ስትጽፉ ግን በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው አንባቢው ከዐውዱ ይገምታል፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይምና። የሰው ንግግር ቀድቶ በፊደል ብቻ የጻፈ ተመራማሪ ከቅጂው ግማሹን ጥሎ ተመልሷል ማለት ነው።

ሥራው አድካሚ ነው፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። በደንብ የማታውቁትን ቋንቋ አንድ ደቂቃ ቅጂ ገልብጦ፣ ተርጉሞ፣ ፈትቶ ለመጨረስ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ኢላን የሚባለው ከድምፅና ከምስል ጋር ጽሑፍን የሚያዛምድ ፕሮግራም፣ ለድምፅ ትንተና ፕራት፣ ለመዝገበ ቃላት ፍሌክስ ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ጀርባችሁን ግን ማንም አይተካላችሁም። ሦስት ቀን ተቀምጣችሁ ሞክሩት፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላም «ይህቺን ድምፅ እንደገና ልስማት» የሚያሰኛችሁ ከሆነ ለዚህ ሥራ ተፈጥራችኋል።

ሌላው ጥቅም የሚታተም ነገር በእጅ መኖሩ ነው። ኢትዮጵያ ከ80 በላይ ቋንቋዎች አሏት፤ ብዙዎቹ የተሟላ ሰዋስው አልተጻፈላቸውም። የአንድን ቋንቋ የግሥ ሥርዓት በወጉ የገለጸ ሰው ያለ ጥርጥር አዲስ ነገር አበርክቷል። የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች አጥኚው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ዛሬ የጠፋውን ጋፋትኛን ፍለጋ ሲሄድ የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ያኔ ባይጽፈው ኖሮ ስለዚያ ቋንቋ የምናውቀው ከጥቂት አሮጌ ጽሑፎች አያልፍም ነበር።

ጉድለቱም ከዚያው ይጀምራል። የጋፋትኛ ሰዋስው ተርፎልናል፤ ጋፋቶች እንዴት ይቀልዱ እንደነበር፣ አማትን በምን ቃል ይጠሩ እንደነበር ግን ማን ጻፈው? በዚህ በር የገባ ተማሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሰው ሁሉ ምሳሌ ቁጥር 47 ይሆንበታል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ሁለት ፈታኞች ነበሩኝ። የሥነ ልሳኑ «ሰዋስዉ የታለ?» አለኝ። የአንትሮፖሎጂው «ሰዎቹ የታሉ?» አለኝ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ሁለቱንም ጠላኋቸው።

በአንትሮፖሎጂ በኩል ሲገቡ

ይህ በር የሚሰጠው ትዕግሥት ነው። አንድ ሰፈር ለወራት መቀመጥ፣ ሳይጠይቁ መስማት፣ ማታ ማታ መጻፍ። አንድ ቃል ማን ለማን፣ በማን ፊት፣ በምን ሰዓት እንደሚናገረው መጠየቅ። አሜሪካዊው ምሁር ዴል ሃይምስ እ.ኤ.አ. በ1962 የንግግርን ኢትኖግራፊ፣ ማለትም ከሰዎች መካከል ተቀምጦ አነጋገራቸውን ማጥናትን፣ ሲያስተዋውቅ የጠየቀው ይህንኑ ነበር፤ ሰዋስው የሚያውቅ ሰው መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የማያውቅ ከሆነ ቋንቋውን ያውቀዋል ሊባል ይችላል? ባሊሻ እዚህ በር ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። ያገባችው ሴት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ብትሆንስ? የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ የተከለከለው ቃል ገጹ ላይ ቢመጣ ምን ታደርጋለች? የተተኪ ቃላት ዝርዝር ይህን አይመልስም።

አዲስ አበባ መሃል ላይ ሆኖ ለዚህ ዓይነት ጥናት ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እናት ወንድ ልጇን «ነይ የኔ ቆንጆ» ስትለው፣ ሴት ልጇን ደግሞ «ና አንተ» ስትላት የጾታው መገለባበጥ ፍቅር እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ እንዴት ፍቅር ሊሆን እንደቻለ ግን ተቀምጦ ያጠናው ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሲሄድ፣ ለአንድ ዘመን የአራዳ አነጋገር ሲቀባበል የኖረ ጎረቤት ተበተነ። የሄዱት ሰዎች በአዲሱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዴት እየተናገሩ ነው? የመስክ ቦታው በአውቶቡስ ይደረስበታል።

ደካማ ጎኑን ልንገራችሁ። በዚህ በር የሚገቡ ብዙዎች ቋንቋን እንደ መስታወት ያልፉበታል። አስተርጓሚ ይዘው ይሄዳሉ፤ በሐመርኛ የተነገረው በአማርኛ ይደርሳቸዋል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፉታል፣ ከዚያም በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡታል! ሰውየው ያንን ቃል ፈጽሞ አልተናገረም። ለሌላ ጥናት ይህ ይቅር ሊባል ይችላል፤ ለቋንቋ አንትሮፖሎጂ ግን ሥራው ሳይጀመር ማለቁ ነው።

ሌላም ፈተና አለ፣ እርሱም ገንዘብ ነው። ስለ ፍልሰት፣ ስለ ግጭት አፈታት፣ ስለ ጤና ልማዶች አጫጭር ጥናት የሚያሠሩ ድርጅቶች አንትሮፖሎጂስት ይፈልጋሉ። የመምህር ደመወዝ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ በማይችልበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ሥነ ልሳን ያጠና ሰው የሚያገኘው የጎን ሥራ በአመዛኙ ትርጉም፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለኮምፒውተር የሚሆን የንግግር ናሙና ማዘጋጀት ነው። ክፍያው ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው፤ ግን ከራሱ ትምህርት ብዙ አያርቀውም።

ሦስተኛው በር

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተ ነው፤ ሙዚየሙ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ በነበረው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ጃንሆይ የተኙበትን ክፍል ጎብኝቶ ወደ ንባብ መሄድ የሚቻልበት ሌላ ዩኒቨርሲቲ አላውቅም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ባህሎች አካዳሚም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። እንደ ሥራ ቦታ የተመራማሪ መደቦቹ ጥቂት ናቸው፤ ዕድሉ ከመጣ ያዙት እንጂ ዕቅዳችሁን በእርሱ ላይ አትሥሩ። እንደ ንባብ ቦታ ግን ሁለቱም በር የግድ ወደዚህ ይመራል። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 የአገሪቱን የቋንቋ አጠቃቀም ሲያጠኑ ገበያ ድረስ ወርደው ሻጭና ገዢ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ ተከታትለዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ገበያው ምን ሆነ? ይህ ብቻውን ለአንድ ዶክትሬት ይበቃል።

አገር ቤት ወይስ ውጭ

በአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ ዶክትሬት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ እንኳ መግባት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ፣ በረዳት መምህርነት እየሠሩ ይኖራሉ። ግን ስድስት፣ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቺካጎ፣ ሚሺጋን፣ ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የታወቁ ናቸው። አውሮፓ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ ከማመልከቻው በፊት አማካሪ ማግኘት ያስፈልጋል። እዚያ ዘርፉ በስሙ እምብዛም አይገኝም፤ በአፍሪካ ቋንቋዎች ወይም እንደ ሃምቡርግ በኢትዮጵያ ጥናት ሥር ይፈለጋል።

የውጭው ጥቅም ጊዜና ቤተ መጻሕፍት ነው። የአገር ውስጡ ጥቅም ሰዎቹ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ተነሥቶ አክስትን መቅዳት ይቻላል። ውጭ ለመማር የሄደ ሰው ለመስክ ሥራ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ መለመን አለበት። እዚህ ላይ የአንትሮፖሎጂ ምርምርን የሚደግፈው ዌነር-ግሬን ፋውንዴሽን ለዶክትሬት የመስክ ሥራ የሚሰጠው ድጋፍ፣ ለመጥፋት ለተቃረቡ ቋንቋዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ላይ ተጀምሮ አሁን በርሊን የሚገኘው የስነዳ (ቋንቋን ቀድቶ የማስቀመጥ) መርሐ ግብር መታወቅ አለባቸው። አገር ውስጥ ሆኖ ማመልከትም ይቻላል፤ ብዙዎቻችን ሳንሞክረው እንቀራለን።

ስለ ቅጥር አንድ ነገር ብቻ። አዲስ አበባ ተቀምጦ እዚያው ለመቀጠር የሚጠብቅ ብዙ ነው። ስድስት ኪሎ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚመጡትን ብትጠይቋቸው ግን ብዙዎቹ ክልል ባለ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥረው፣ በመሥሪያ ቤታቸው ስፖንሰርነት፣ ተመልሶ የማገልገል ውል ፈርመው የመጡ መምህራን ናቸው። ከረዳት ምሩቅ እስከ ሌክቸረር፣ ከዚያም ረዳት ፕሮፌሰር ያለውን መሰላል ቶሎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከከተማው የወጣው ነው። የውሉን ዓመታት ግን ከመፈረማችሁ በፊት ቁጠሩ።

የትብብር ደብዳቤ

በየትኛውም በር ብትገቡ ይህ አይቀርም። ትምህርት ክፍሉ ለዞን ይጽፋል፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለቀበሌ። እያንዳንዱ ክብ ማኅተሙን ያሳርፋል፤ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ከሄደ ነገ ተመለሱ ነው። ደብዳቤው ላይ «የቋንቋ አንትሮፖሎጂ» ብላችሁ አታጽፉ፤ ተቀባዩ ግራ ይጋባል። «ባህልና ቋንቋ» በቂ ነው። ቀበሌው ከፈቀደ በኋላ ደግሞ ገና ሰውየው ራሱ መፍቀድ አለበት፤ ማኅተም የሰው ድምፅ ባለቤት አይደለም። ጀርመናዊው ሒዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ዘመን የግዕዝንና የአማርኛን ሰዋስው ለአውሮፓ ሲጽፍ ከአጠገቡ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ እርሱም ስማቸውን አልደበቀም። ዛሬ ስንቱ ጽሑፍ «መረጃ አቀባይ 3» ብሎ ያልፋል! ስሙ እንዲጠራ የሚፈልግ ሰው ካለ ጠይቃችሁ ጻፉት።

እኔ ብሆን

ሁለቱንም ሞክሬ የደረስኩበት ቅደም ተከተል አለኝ፤ ሁሉም ባልደረባዬ አይስማማበትም። ሁለተኛ ዲግሪን በሥነ ልሳን፣ ዶክትሬትን በአንትሮፖሎጂ። ምክንያቴ ቀላል ነው፦ ጆሮ በ25 ዓመት ይሠለጥናል፣ በ40 ዓመት ግን ይለግማል። የኢትኖግራፊ ንባብ ዘግይቶም ይደረስበታል፤ በዕድሜ የበሰለ ሰው እንዲያውም ይበልጥ ያዳምጣል። ይህ የማይሠራለት ሰው አለ፤ ሠንጠረዥ ሲያይ የሚታመም፣ ሰው ሲያይ ግን የሚነቃ። እርሱ በቀጥታ ወደ አንትሮፖሎጂ ይሂድ፤ ግን የድምፅ ትምህርቱን ከጎረቤት ትምህርት ክፍል ወንበር ለምኖ ይማር፣ የሚያጠናውንም ቋንቋ ያለ አስተርጓሚ እስኪሰማ ድረስ አይጻፍ።

ይህንኑ ለተማሪዬ ነግሬያት ተለያየን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች። የትኛውን እንደሞላች ልትነግረኝ መስሎኝ ነበር።

«መምህር፣ አክስቴ አሉ አይደል፣ ኮተቤ የሚኖሩት? አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ሲዳምኛ የሚናገሩት ከእናቴ ጋር በስልክ ብቻ ነው። ትናንት አብረን ወጥተን ቡና አፍይዋን ‹እስቲ ያንን ጥቁሩን ቅጂልኝ› አሏት፤ በአማርኛ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

«የአማታቸው ስም ማን ነበር?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ፤ በ«ቡ» ይጀምራል።

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን ማን እንደነበረ ዛሬ ማታ ጻፊ» አልኳት። «ቅዳሜ ሂጂና እንዲቀዱ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። እስከዚያ ግን አንቺም ፊታቸው ‹ቡና› የሚለውን እየጠራሽ ወሬውን እንዳታስጀምሪያቸው፤ ራሳቸው ምን እንደሚሉት ስሚ።»